የምድር ማግኔት ማዕበልና የአጭር ሞገድ ራዲዮ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

የዛሬው ንግግራችን በዐይን ስለማይታይ፥ ነገር ግን ሥራው በጆሮ ስለሚታወቅ አንድ የተፈጥሮ ኀይል ነው። ስሙም የምድር ማግኔት ማዕበል ይባላል። ይህ ማዕበል ዛፍ አይነቅልም፤ ቤት አያፈርስም፤ ወንዝም አያስሞላም። ይሁን እንጂ በተነሣ ጊዜ ከአህጉር ወደ አህጉር የሚተላለፈውን የአጭር ሞገድ ራዲዮ ያደክመዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ጸጥ ያሰኘዋል። ይህን ጠባዩን በየቀኑ ከሚከታተሉት መካከል አማተር የሚባሉት የራዲዮ ሰዎች ይገኛሉ። እነዚህም ለደመወዝ ወይም ለንግድ ሳይሆን ለጥበቡ ባላቸው ፍቅር፥ ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብለው፥ በገዛ መሣሪያቸው ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የሚነጋገሩ ናቸው። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዘመናት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አማተሮች ለአጭር ሞገድ ባለውለታ ናቸው። በ1912 የወጣው የአሜሪካ የራዲዮ ሕግ አማተሮች ከ200 ሜትር በላይ በሆነ ሞገድ እንዳይሠሩ ከለከላቸው፤ የተተወላቸው አጭሩ ሞገድ በዚያን ጊዜ ለሩቅ መልእክት የማይረባ ይመስል ነበርና። በኅዳር ወር 1923 ግን ሌዮን ደሎይ የተባለ ፈረንሳዊ አማተር ከኒስ ከተማ ሆኖ፥ ሽኔልና ራይናርትስ ከሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን አማተሮች ጋር በ110 ሜትር ገደማ ሞገድ አትላንቲክን አሻግሮ ተነጋገረ። የማይረባ የተባለው ሞገድ ከታላላቁ ጣቢያ ረጅም ሞገድ ጋር ሊወዳደር የሚችል ሆኖ ተገኘ።

ለመሆኑ የራዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሲሆን፥ ክብ በሆነችው ምድር ጀርባ ላለው ሰው እንዴት ይደርሳል? በታኅሣሥ 1901 ማርኮኒ ከእንግሊዝ አገር ከኮርንዎል የተላከውን ምልክት በኒውፋውንድላንድ ሆኖ መስማቱን ባስታወቀ ጊዜ ሊቃውንቱን ያስጨነቀው ጥያቄ ይህ ነበር። በ1902 ኬኔሊና ሄቪሳይድ የተባሉት ሁለት ሊቃውንት፥ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ፥ ከፍ ባለው አየር ላይ ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልስ በኤሌክትሪክ የተመላ ሽፋን መኖር አለበት ብለው ገመቱ። አፕልተን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ከረዳቱ ጋር በ1924 ሽፋኑ በእርግጥ መኖሩን በሙከራ አስረዳ፤ ስለዚህም ሥራው በ1947 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይህ የአየር ክፍል ዛሬ አዮኖስፌር ይባላል።

አዮኖስፌርን የምትሠራው ፀሐይ ናት። ከብርሃኗ ውስጥ ለዐይን የማይታየው ብርቱ ጨረር የአየሩን ቅንጣቶች እየመታ ኤሌክትሮን ይነጥቃቸዋል፤ በዚህም ምክንያት አየሩ ራዲዮን የሚመልስ ይሆናል። ሽፋኖቹ ብዙ ቢሆኑም ለዛሬው ነገራችን ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በቀን ብቻ የሚኖረው የዲ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ሞገድን አይመልስም፤ ይውጣል እንጂ። ሁለተኛው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚገኘው የኤፍ ሽፋን ነው። እርሱ እንደ መስተዋት ሆኖ ሞገዱን ወደ ምድር ይመልሳል።

እንግዲህ አማተሩ በሁለት ወሰን መካከል እንደሚኖር ሰው ነው። የሞገዱ ድግግሞሽ እጅግ ዝቅ ካለ የዲ ሽፋን ይውጠዋል፤ ይህን ወለል እንበለው። ድግግሞሹ እጅግ ከፍ ካለ ደግሞ የኤፍ ሽፋንን በስቶ ወደ ጠፈር ይሄዳል፥ አይመለስም፤ ይህን ጣራ እንበለው። ሩቅ አገር የሚደርሰው ከወለሉ በላይና ከጣራው በታች ያለው ሞገድ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትቈጣ የሚመጣውን ችግር ለመረዳት እነዚህን ሁለት ቃላት መያዝ ያስፈልጋል፤ ችግሩ ሁለት ዐይነት ስለ ሆነና አንዱ ከሌላው ጋር ዘወትር ስለሚደባለቅ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የፀሐይ ነበልባል ነው። በፀሐይ ፊት ላይ ጥቁር ነጥቦች በሚገኙበት ስፍራ ድንገተኛ ፍንዳታ ሲነሣ፥ ኤክስ ሬይ የሚባለው ጨረር በ8 ደቂቃ ያህል ከምድር ይደርሳል። አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሊደርስ አይችልም፤ ጨረሩ የሚመጣው ወሬው በሚመጣበት ፍጥነት ነውና። ጨረሩም በቀን ብርሃን ባለው የምድር ገጽ ላይ የዲ ሽፋንን ያወፍረዋል፤ ማለት ወለሉን ወደ ላይ ያነሣዋል። ዝቅተኛው ሞገድ አስቀድሞ ይዋጣል፤ ከፍተኛው ኋላ ይዋጣል፤ ነበልባሉ ሲበርድም ከፍተኛው ቀድሞ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ እስከ አንድና ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሌሊት በሆነበት አገር ግን ምንም አይሰማም።

ሁለተኛው ችግር የዛሬው ርእሳችን የሆነው የማግኔት ማዕበል ነው። ፀሐይ ከጨረሩ ሌላ፥ በኤሌክትሪክ የተመላና የራሱን ማግኔት የያዘ ታላቅ የጋዝ ደመና አንዳንድ ጊዜ ትወረውራለች። ይህ ደመና እንደ ብርሃን ፈጣን ስላልሆነ ከምድር የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ቈይቶ ነው። ምድር ራሷ ታላቅ ማግኔት ስለ ሆነች እንደ ጋሻ ሆኖ የሚከላከልላት ኀይል አላት። ነገር ግን የደመናው ማግኔት ወደ ደቡብ ያመለከተ እንደ ሆነ ከምድር ማግኔት ጋር ይጋጠምና በጋሻው ላይ በር ይከፍታል። በዚያን ጊዜ ታላቅ ኀይል ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዋልታዎች ይወርዳል፤ የኮምፓስ መርፌም ይንቀጠቀጣል።

በዋልታዎቹ ዙሪያ የሚገኘው ከፍተኛ አየር በዚህ ኀይል ሲሞቅ ያብጣል፤ ከታች የነበረውም ናይትሮጅን የበዛበት አየር ወደ ላይ ወጥቶ በነፋስ ወደ መካከለኛው የምድር ክፍል ይነዳል። ናይትሮጅን በበዛበት ስፍራ የተነጠቁት ኤሌክትሮኖች ፈጥነው ይጠፋሉ። ስለዚህ የኤፍ ሽፋን ይሳሳል፤ መስተዋቱ ይደክማል፤ ማለት ጣራው ዝቅ ይላል። ለምሳሌ ያህል ትናንት በ21 ሜጋኸርዝ ሲነጋገር የነበረ አማተር ዛሬ በዚያው ድግግሞሽ ማንንም አይሰማም፤ ወደ 10 ወይም ወደ 7 ሜጋኸርዝ ቢወርድ ግን ወዳጁን ሊያገኘው ይችላል። ማዕበሉ የሚቈየውም እንደ ነበልባሉ ለሰዓት ሳይሆን ለአንድ ቀን ወይም ለብዙ ቀን ነው።

ይህን የምንለይበት ምክንያት አለን። በነበልባል ጊዜ ወለሉ ስለሚነሣ ሰው መታገሥ ወይም ወደ ከፍተኛው ድግግሞሽ መውጣት አለበት። በማግኔት ማዕበል ጊዜ ግን ጣራው ስለሚወርድ ወደ ዝቅተኛው መውረድ ይገባዋል። ሁለት ሕመሞች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ተቃራኒ ነው። ሁለቱን ሳይለይ መሣሪያውን የሚፈታታና አንቴናውን የሚነቅል ሰው ጤነኛውን አካል ሲያክም ይውላል። ከዋልታዎቹ አጠገብ ላሉት አገሮች ነገሩ ይብሳል። በዚያ የሚዘንበው የኤሌክትሮን ብዛት የዲ ሽፋንንም ስለሚያወፍር ወለሉ ይነሣል፥ ጣራውም ይወርዳል፤ በመካከል የሚያልፍበት ቀዳዳ አይቀርም።

ሆኖም አማተሮች ከጉዳቱ ውስጥ ጥቅም ማውጣት ያውቃሉ። በማዕበሉ ጊዜ በሰሜን ሰማይ አረንጓዴና ቀይ ሆኖ የሚታየው የሰሜን ብርሃን፥ አውሮራ የሚባለው፥ ከ50 እስከ 144 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ይመልሳል። ይህ ሞገድ በሌላ ጊዜ እምብዛም ሩቅ የማይሄድ ነው። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያሉ አማተሮች አንቴናቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ይነጋገራሉ። የሰው ድምፅ ሻክሮ እንደ ሹክሹክታ ስለሚሆን በሞርስ ምልክት መጠቀምን ይመርጣሉ።

ስለ ፀሐይና ስለ ማግኔት ማዕበል ግንኙነት ማስረጃ የተገኘው ራዲዮ ሳይፈጠር ነው። በመስከረም 1 ቀን 1859 ካሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ በፀሐይ ፊት ላይ ብርቱ ብልጭታ አየ፤ ከ17 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ምድርን ብርቱ ማዕበል መታት። በአሜሪካ በቦስተንና በፖርትላንድ መካከል ይሠሩ የነበሩ ቴሌግራፈኞች ባትሪያቸውን ነቅለው፥ ማዕበሉ በሽቦው ውስጥ ባሳደረው ኤሌክትሪክ ብቻ መልእክት ተለዋወጡ። በመጋቢት 1989 ደግሞ እንዲህ ያለው ማዕበል በካናዳ በኩቤክ ክፍለ አገር የኤሌክትሪክን መሥመር ጥሎ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለ9 ሰዓት ያህል በጨለማ አስቀምጧል።

ነገር ግን ሁለቱም ችግሮች ተከታትለው የሰውን ሕይወት በነካ ጉዳይ ላይ የወደቁበት ጊዜ መስከረም 2017 ነው። በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ዓ.ም. በሌሊት፥ ኢርማ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሰዓት ከ280 ኪሎ ሜትር በላይ እየነፈሰ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ያለችውን የባርቡዳን ደሴት መታ፤ ጎሕ ከቀደደ በኋላም ቅዱስ ማርቲን የምትባለውን ደሴት አጠቃ። የስልክ ምሰሶዎች ሲወድቁ ከደሴቶቹ ለሚመጣው ወሬ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ታላቅ ተስፋ ነበር። ከ1965 ጀምሮ የሀሪኬን ዎች ኔት የተባለው የአማተሮች ማኅበር በቀን በ14.325፥ በሌሊት በ7.268 ሜጋኸርዝ እየተሰበሰበ የዐውሎ ነፋስን ወሬ ከስፍራው ተቀብሎ ለአየር ጠባይ ባለሥልጣኖች ያስተላልፋል።

በዚያው ቀን፥ በደሴቶቹ ሰዓት ጧት 2 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ሲሆን፥ ከአሥር ዓመት በላይ ያልታየ ብርቱ ነበልባል ከፀሐይ ተነሣ። ከካሪቢያን አንሥቶ በአትላንቲክ ላይ እስከ አውሮፓና እስከ አፍሪካ ቀን በሆነበት ሁሉ ወለሉ ተነሥቶ አጭሩ ሞገድ ተዋጠ። የፈረንሳይ ሲቪል አቪዬሽን በብራዚልና በፈረንሳይ ጊያና ጠረፍ ላይ ይበር ከነበረ አንድ አውሮፕላን ጋር የራዲዮ ግንኙነቱ ለ90 ደቂቃ ያህል ተቋርጦ እንደ ነበረ ገልጿል። ነበልባሉ በርዶ መገናኛው ከተመለሰ በኋላ ደግሞ የተከተለው ደመና በማግሥቱ ሌሊት ከምድር ደረሰና ብርቱ የማግኔት ማዕበል አስነሣ። በጳጉሜን 5 ቀን ኢርማ ወደ ፍሎሪዳ በደረሰ ጊዜም ሌላ ታላቅ ነበልባል ተነሣ። አማተሮቹ ግን ከስፍራቸው አልተነሡም፤ ድግግሞሽ እየለወጡ፥ ጸጥታው ሲያልፍ እየተመለሱ አገለገሉ። ከየትኛው ሕመም ጋር እንደሚታገሉ ለሚያውቅ ሰው ጸጥታው የተስፋ መቍረጥ ምክንያት አይሆንም።

ለዚህ ዕውቀት የሚረዳ መለኪያ አለ። ባርትልስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1949 ኬፒ የሚባለውን ቍጥር አወጣ። ቍጥሩ በየ3 ሰዓቱ የምድርን ማግኔት መናወጥ ከ0 እስከ 9 ይመድባል፤ 5 ሲደርስ ማዕበል ተነሥቷል ይባላል። ደግሞም ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ወደ ፀሐይ በኩል የሚጠብቁ መንኰራኵሮች ደመናው ከመድረሱ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ያስታውቃሉ። በግንቦት 2024 የተነሣው ማዕበል እስከ 9 ደርሷል፤ እንዲህ ያለ ከጥቅምት 2003 ወዲህ አልታየም ነበር። ማዕበሎቹ ይልቁንም ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው በመጋቢትና በመስከረም ይበዛሉ።

አገራችንም በዚህ ነገር ልዩ ስፍራ አላት። የማግኔት ወገብ የሚባለው መሥመር በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያልፋል። በዚህ መሥመር ላይ በቀን 105 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ስለዚህም በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፥ በ1958፥ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድር ማግኔት መመልከቻ ሥራውን ጀመረ፤ መዝገቡም ለዓለም ሊቃውንት ብርቅ ሆኗል። በእኛ ሰማይ ላይ የኤፍ ሽፋን በቀን ብርቱ ስለ ሆነ፥ ከዋልታ የሚነሣው መሳሳት እንደ ሰሜን አገሮች አይጫነንም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄደው ሞገድ የአውሮፓንና የሰሜን አትላንቲክን ሰማይ ማቋረጥ ስላለበት በዚያ ይሰናከላል። እንዲህ ባለው ቀን የአዲስ አበባ አማተር አንቴናውን ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ወደ ህንድ ቢያዞር የተሻለ መንገድ ያገኛል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በመሥሪያ ቤት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። የሩቅ መልእክት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አንድ መንገድ ብቻ ይዞ መቀመጥ አይገባውም። ሽቦው ሲበጠስ ራዲዮ ሊተካው ይችላል፤ ራዲዮም ሲጠፋ ሌላ ድግግሞሽ፥ ሌላ አቅጣጫ፥ ሌላ ሰዓት አለ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ድምፁ የጠፋው በመሣሪያው፥ በነበልባሉ ወይስ በማግኔት ማዕበሉ መሆኑን መለየት ይገባል። ጸጥታው በቀን ድንገት የመጣና በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሻር ከሆነ ወለሉ ተነሥቷል፤ ከፍተኛው ድግግሞሽ እየደከመ ለቀናት የሚቈይ ከሆነ ጣራው ወርዷል። ይህን ያወቀ ሠራተኛ በአስቸጋሪው ቀን ጊዜውን በከንቱ አያጠፋም።