የአንድ ሰው ድንኳን

ድንኳን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የእድሩ ድንኳን ነው። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር አንዱ ብረቱን ተሸክሞ ይመጣል፣ ሌላው ሸራውን ይጎትታል፣ ሌላው ገመዱን ይወጥራል። ሸክሙ ለብዙ ትከሻ ይከፋፈላል። ጓዙን ራሱ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ ግን ዘንጉንም፣ ጣራውንም፣ ካስማውንም የሚያካፍለው ሰው የለውም። የአንድ ሰው ድንኳን ይህንን ችግር ለመፍታት የተሠራ ዕቃ ነው። ዛሬ ጥሩ የሚባለው ከ700 ግራም እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲጠቀለልም ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ብዙም በማይበልጥ ከረጢት ውስጥ ይገባል።

አብዛኛው ሁለት ልብስ አለው። የውስጡ ከመረብ ወይም ከስስ ጨርቅ የተሰፋ ሆኖ ውሃ የማያስገባ ወለል ተገጥሞለታል፤ ተባይ የሚከለክለውና ሰው የሚተኛበት እሱ ነው። የውጪው ዝናቡንና ነፋሱን ይመክታል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ አየር ይመላለስበታል፤ በበሩ በኩል ሰፋ ብሎ ጫማና ቦርሳ የሚያድሩበት ደጃፍ ይሆናል። ድንኳኑን የሚያቆሙት እየተሰካኩ የሚረዝሙ የአሉሚኒየም ዘንጎች ናቸው፤ ከመሬት ጋር የሚያስሩት ደግሞ ካስማዎችና አውታሮች።

የምርጫው ጣጣ የሚጀምረው ከክብደቱ ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ይጽፋሉ። ትንሹ ቁጥር የሁለቱን ልብሶችና የዘንጎቹን ክብደት ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ካስማው፣ አውታሩና ከረጢቱ አልተቆጠሩበትም። ጀርባ የሚሸከመው ግን ሁሉንም ስለሆነ መታየት ያለበት ትልቁ ቁጥር ነው።

ክብደትን እስከ መጨረሻው መቀነስ እንደሚቻል በተግባር ያሳየች አንዲት አሜሪካዊት እናት አለች። ኤማ ጌትውድ የ11 ልጆች እናት ነበረች። በ1955 እ.ኤ.አ. በ67 ዓመቷ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻዋን ከዳር እስከ ዳር ስትጨርስ ድንኳን አልያዘችም። በድንኳን ፋንታ የያዘችው የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነበር። ታሪኳን ሁልጊዜ በአክብሮት አነሳዋለሁ፤ ሲነሳ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በዚያ መንገድ ላይ ለተጓዥ የተሠሩ መጠለያዎች ነበሩ፣ በራቸውን ከፍተው ያሳደሯት ሰዎችም ነበሩ። ድንኳን ሳትይዝ የሄደችው ሌላ መጠጊያ በነበረበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ድንኳን ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ግራም ነው?» ሳይሆን «የትኛውን ሌሊት ነው የማሳልፍበት?» የሚለው ነው።

የሰሜን ተራሮችን እንውሰድ። ተጓዦች የሚያድሩባቸው ሰፈሮች ሳንቃበር በ3,250 ሜትር፣ ግጭ ደግሞ በ3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ግጭ ላይ የሚያድር ሰው ጎንደር ካደረው ይልቅ 9 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ ሌሊት ይጠብቀዋል። በበጋ ቀኑ ብራ ሆኖ ሳለ ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ይችላል። ግጭ ጅባራ የቆመበት ገላጣ ሣር ነው፤ ነፋስ የሚሰብር ጫካ የለውም። በፓርኩ ደንብ ስካውት የሚባለው ጠባቂ ሳይያዝ ጉዞ ስለማይፈቀድ ጨርሶ ብቻውን የሚሄድ የለም፤ ሌሊቱን ግን እያንዳንዱ ያመጣው ድንኳን ውስጥ ያድራል። በቅሎ የሚከራይ ሰው የግማሽ ኪሎ ልዩነት አያስጨንቀው። ዳገቱን ራሱ ተሸክሞ የሚወጣው ግን እያንዳንዱን ግራም ያውቀዋል።

በዚህ ዓይነት ቦታ አቋቋሙ ብዙ ይወስናል። ሁለት ዘንግ ተሻግሮ የሚያቆመው ድንኳን ካስማ ሳይመታም በራሱ ይቆማል፤ መሬቱ ድንጋያማ ሆኖ ካስማ እምቢ ሲል ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሌላው ዓይነት ዘንግ የለውም፤ ተጓዡ ሲሄድ በሚመረኮዛቸው ምርኩዞች ይቆማል። ከ300 እስከ 500 ግራም ሊያስቀር ይችላል፤ ነገር ግን ካስማዎቹ ካልያዙ ድንኳኑም የለም። መሬቱ ከጠነከረ አውታሩን በትልቅ ድንጋይ ላይ ጠምጥሞ ሌላ ድንጋይ መጫን ይረዳል። የትኛውም ቢመረጥ ሲተከል ጠባቡን ጎን ለነፋሱ መስጠት፣ በሩንም ከነፋሱ ማዞር ያስፈልጋል።

ጨርቁ የሚለካው በዴኒየር ነው። የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ማለት ነው። 15 ዴኒየር የተባለ ድንኳን የተሸመነበት ክር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ የሚመዝነው 15 ግራም ብቻ ነው። ከዚህ ክር የተሠራ ጨርቅ ተራራ ላይ ሰው ማሳደሩ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ናይሎን ጠንካራ ቢሆንም ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ማታ ተወጥሮ የተተከለው ሌሊት ይረግባል፣ ባለቤቱም ተነስቶ አውታሩን ማጥበቅ ይኖርበታል። ፖሊስተር ሲረጥብም ቅርጹን ይዞ ያድራል። ዳይኒማ የተባለው ጨርቅ ከሁለቱም ይቀላል፣ ውሃም አይመጥም፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ እጥፍ ነው። ከጨርቁ ጎን በሚሊ ሜትር የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ የውሃ መከላከል አቅሙ ነው። 1,500 ማለት ጨርቁ የአንድ ሜትር ተኩል የውሃ ቁመት ሳያስገባ ይሸከማል ማለት ነው። ወለሉ ግን ጉልበትና ክርን ስለሚጫኑት ከጣራው የበለጠ ቢኖረው ይመረጣል።

ብዙ ሰው ድንኳኑን ያለጥፋቱ የሚወቅስበት ነገር እርጥበት ነው። እኔም አንድ ጠዋት የመኝታ ከረጢቴን በእግሬ በኩል ረጥቦ ሳገኘው ድንኳኑ ያፈሰሰ መስሎኝ ነበር፤ ሌሊቱን ግን አንዲት ጠብታ አልዘነበም። ውሃው የራሴ ትንፋሽ ነበር። ሰው ሌሊቱን በትንፋሽና በላብ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ያወጣል፤ ያ እንፋሎት ቀዝቃዛውን የውጪ ልብስ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ሁለት ልብስ ያለው ድንኳን ጤዛውን ከተኛው ሰው ያርቀዋል። አንድ ልብስ ብቻ ያለው ይቀላል፤ ነገር ግን እጅ በነካው ቁጥር ያረጥባል። በሁለቱም ቢሆን መድኃኒቱ የአየር ማስገቢያውን ብርድ ቢሆንም ክፍት አድርጎ ማደር ነው።

ስፋቱም ከወረቀት በላይ መታየት አለበት። ግድግዳው ዘንበል ያለ ስለሆነ 2.10 ሜትር የተባለ ወለል ረጅም ሰውን በራስና በእግር በኩል ጨርቅ ያስነካዋል። ቁመቱ አንድ ሜትር ካልተጠጋ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ልብስ መቀየር አይቻልም፤ ዝናብ ግማሽ ቀን ቢያስቀምጥ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔ ለሰሜን ተራሮች ብመርጥ ሁለት ልብስ ያለው፣ የውጪው ፖሊስተር የሆነ፣ በሁለት ዘንግ የሚቆም፣ የውስጡም ግማሽ ግድግዳ መረብ ሳይሆን ጨርቅ የሆነ እወስዳለሁ። መረቡ ለቆላ ሙቀት ያስደስታል፤ ግጭ ላይ ግን ነፋሱን እስከ መኝታ ያስገባል። ይህ ሁሉ ተደምሮ 1.3 ኪሎ ቢመጣ በደስታ እሸከመዋለሁ። የአፓላቺያን ዓይነት ደን ውስጥ ለሚሄድ ግን 800 ግራም ይበቃዋል።

ከጉዞ ሲመለሱ እርጥቡን ድንኳን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው፤ ይሻግታል፣ ውሃ የሚከለክለው ቅብም እየተጣበቀ ይላጣል። ጥላ ሥር ማድረቅ ይገባል፣ ፀሐይ ጨርቁን ስለሚያደክመው።

ከመሄድ በፊት ደግሞ አንድ ማታ ግቢ ውስጥ፣ ከመሸ በኋላ፣ ቢቻል እጅን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ መትከል ነው። በእድሩ ድንኳን ገመዱን የሚወጥር ሌላ ሰው አለ፤ እዚህ የለም። የደነዘዘ ጣት በጨለማ ሊያቆመው የቻለ ድንኳን፣ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን፣ በትክክል ተመርጧል።