እንጦጦ፡ ነባር ስፍራና ነባር ባልንጀራ የሚገናኙበት ተራራ

በመሥሪያ ቤት ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው የሳምንቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ተቀምጦ ነው። የዕረፍት ቀናቱም ቢሆኑ በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በዕድርና በቤት ጉዳይ ይያዛሉ። ከዚህም የተነሳ አብረው የተማሩ ወይም ለዓመታት በአንድ ክፍል የሠሩ ባልንጀሮች የሚገናኙት ከመካከላቸው አንዱ ሐዘን ሲደርስበት ብቻ እየሆነ መጥቷል። በድንኳን ውስጥ ተገናኝተው "እንጠያየቅ እንጂ" ተባብለው ይለያያሉ፤ እንደገና የሚተያዩት ግን በሌላ ድንኳን ውስጥ ነው።

ይህን ልማድ ለመለወጥ ሩቅ አገር መጓዝም ሆነ ከፍተኛ ወጪ ማውጣት አያስፈልግም። ለአዲስ አበባ ነዋሪ በቅርብ ርቀት ላይ የሚገኘው እንጦጦ አካልን ለማንቀሳቀስ፣ ታሪክን ለመመልከትና ከነባር ባልንጀራ ጋር ለመጨዋወት የሚያመች ስፍራ ነው።

እንጦጦ ከተማዋን ከሰሜን በኩል አቅፎ የያዘ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። ተራራው የአባይና የአዋሽ ተፋሰሶች መለያም ነው። በደቡቡ ተዳፋት የሚወርደው ዝናብ በቀበና፣ በቀጨኔና በሌሎች ወንዞች አማካይነት አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ አዋሽ ሲያመራ፣ በሰሜን በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ አባይ ይጓዛል። በመሆኑም በእንጦጦ ላይ ያለው ደን የሚያገለግለው ለውበት ብቻ አይደለም። የተዳፋቱ አፈር በዛፍና በሣር ካልተያዘ ክረምት ሲገባ ጎርፉ በቀጥታ የሚወርደው በወንዞቹ ዳር ወደሚኖረው የከተማው ሕዝብ ነው።

የስፍራው ታሪክ ከመዲናዋ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን መቀመጫቸውን በእንጦጦ አድርገው ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ይሁንና ተራራው ለመከላከያ የሚመች ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ የጠነከረ፣ የማገዶ እንጨትም የሚያጥርበት ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ የሚገኘውን ፍልውሃ በመውደዳቸው በአካባቢው ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ። መኳንንቱም ተከትለዋቸው ወረዱ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዚህ ሁኔታ ነው።

የማገዶ እጥረቱ ግን አዲሲቱንም ከተማ ተከትሏት ወርዷል። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መዲናዋን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ቀርቦ በዚያ ግንባታ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ለአዲስ አበባ መጽናት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ በዚያው ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በፍጥነት የሚያድግና ተቆርጦ ደግሞ የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ ለማገዶም ለቤት መሥሪያም አገለገለ። እንጦጦን የሸፈነው ደን በአብዛኛው የዚህ ታሪክ ውጤት ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሌላ ተክል በበቂ ሁኔታ እንዲያድግ ስለማይፈቅድ በተዳፋት መሬት ላይ አፈርን በመያዝ ረገድ ድክመት አለበት። በእንጦጦ እንደ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ የማልማት ሥራ አስፈላጊ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለጎብኚው ከሚታዩት ነባር ስፍራዎች መካከል የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት፣ በማርያም ቅጥር የሚገኘው ሙዚየም እንዲሁም የዳግማዊ ምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ይገኙባቸዋል። ቤተ መንግሥቱን ያየ ሰው በቅድሚያ የሚያስተውለው የአሠራሩን ቀላልነት ነው። በጭቃና በእንጨት የተሠራ ቤት በየክረምቱ እንክብካቤ ካልተደረገለት ዕድሜው ያጥራል። ጎብኚ ያጣ ቅርስ ደግሞ ተንከባካቢም የማጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ የእግርና የብስክሌት መንገዶችን፣ የመዝናኛና የምግብ አገልግሎቶችን ይዞ በርካታ ሰዎችን ወደ ተራራው ስቧል። ወደ ፓርኩ የሚወጣ ሰው ጥቂት ጊዜ ጨምሮ ነባሮቹን ስፍራዎች ቢጎበኝ ለቅርሶቹ ሕልውና የራሱን ድርሻ ያበረክታል።

የጤና ጠቀሜታውም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። የሁለት ሰዓት የተራራ ጉዞ የዚህን ዝቅተኛ መጠን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። አትሌቶች በእንጦጦ ልምምድ የሚያደርጉት ሰውነታቸው ይህን እጥረት ለመቋቋም ሲል ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሴሎች ስለሚጨምር ነው። ለልምምድ አዲስ የሆነ ሰው ግን ከአትሌቶቹ ጋር መፎካከር አይጠበቅበትም። ሲሄዱ ያለ ማቋረጥ መነጋገር ከተቻለ ፍጥነቱ ተገቢ ነው ማለት ይቻላል። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል። ተራራው ከመሐል ከተማው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝም ጋቢ ወይም ወፈር ያለ ልብስ መያዝ ይበጃል።

ጉዞውን ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ማድረግ ይቻላል። ዳገቱ የሚከብዳቸው በታክሲ ወጥተው ከላይ በሜዳው መንሸራሸር ይችላሉ። ከባልንጀሮች መካከል በጡረታ የተገለሉትን ማስከተል በተለይ ይመከራል። "እዚህ ጋ ምን ነበር?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ያላቸው እነርሱ ናቸው። በጽሑፍ ያልሰፈረ የሰፈርና የመሥሪያ ቤት ታሪክ የሚተላለፈው በእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ነው፤ ሰዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

በመንገዱ ላይ ሌላም ሊዘነጋ የማይገባ ጉዳይ አለ። የእንጦጦ ቁልቁለት ለብዙ ዘመናት እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች መተዳደሪያ ሆኖ ቆይቷል። ደኑን የመጠበቅ ዓላማ ከእነዚህ ወገኖች ኑሮ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ሌላ የገቢ ምንጭ ካልተመቻቸ በስተቀር ጥበቃ ብቻውን ደኑን አያዘልቀውም። ተራራውን የሚጎበኝ የመንግሥት ሠራተኛና ኃላፊ ይህን በዓይኑ ማየቱ ለሥራውም ይጠቅመዋል።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው፣ ብቻ ለሚወጣው የሚከብድ ዳገት ከባልንጀራ ጋር ሲወጡት ይቀላል። በወር አንድ ቅዳሜ መርጦ፣ ስንቅና ቡና በፔርሙዝ ይዞ፣ ቆሻሻንም መልሶ ይዞ መውረድ ለማንም የሚከብድ አይደለም። ባልንጀሮች በድንኳን ውስጥ የሚለዋወጡት የ"እንጠያየቅ" ቃል የሚፈጸመው ቀኑ ተቆርጦ ሲያዝ ነው።