የማይከፈት መስኮት ለዶሮ ቤት፦ ብርሃን ሰጥቶ አየር እንዳይከለክል

ሻራብ በመጣ ቁጥር አባቶችና እናቶች እየደወሉ የሚያነሱልን አንድ ጥያቄ አለ። ልጅ ወይም ጎረቤት ቤቱን ሺፑጽ ሲያደርግ የጣለውን ባለ መስታወት መስኮት አንስተው፣ በጓሮ ለሠሩት የዶሮ ቤት ገጥመውታል። ቤቱ ፏ ብሎ በርቷል። ሙቀቱ ሲበረታ ግን ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ጠዋት ደህና የነበረች ዶሮ ከሰዓት በኋላ ሞታ የተገኘችበት ጊዜም አለ። «በአገራችን ዶሮ መስኮት በሌለው ጎጆ፣ ቆጥ ላይ ታድር አልነበረም ወይ? እዚህ ከነመስኮቱ ለምን ትሞታለች?» ይሉናል።

ጥሩ ጥያቄ ነው። የጎንደር ጎጆ መስኮት ባይኖረውም ይተነፍስ ነበር። የምድጃው ጭስ በሣር ክዳኑ ውስጥ ሾልኮ ይወጣ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጭስ ከወጣ ትኩስ አየርም አብሮ ይወጣል። ሣሩና ጭቃው ደግሞ የፀሐይን ሙቀት ቶሎ አያሳልፉም። እዚህ የምንሠራው በቆርቆሮና በጣውላ ነው። ቆርቆሮ አየር አያሳልፍም፣ በፀሐይም እንደ ምጣድ ይግላል። በዚያ ላይ የማይከፈት መስታወት ሲጨመር፣ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ማለት ነው። ፀሐዩ በመስታወቱ ይገባል፣ ሙቀቱ ግን መውጫ የለውም።

ዶሮ ላብ የላትም። የሰውነቷ ሙቀት በደህናው ጊዜም ወደ 41 ዲግሪ ነው። ሙቀት ሲበረታ በዋናነት የምትበርደው በማለክለክ፣ ማለትም ከሳንባዋ እርጥበት በማውጣት ነው። አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ መጨነቅ ትጀምራለች። ቤቱ ውስጥ የታፈነው አየር እርጥብ ከሆነ ደግሞ ማለክለኳም ብዙ አይጠቅማትም። ለብርሃን ብለን አየሩን ከነሣናት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ደረሰብን ማለት ነው።

ይህን ስል መስኮቱን ጣሉት ማለቴ አይደለም። ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች፤ በክረምት ቀኑ ሲያጥር መስታወት ይረዳል። መስኮቱን የሚከፈት ማድረግ ነው የሚያስፈልገው።

መጀመሪያ መስኮቱን መርምሩ። በመስታወቱ ጥግ ላይ ትንሽ ማኅተም ካለ የተጠናከረ መስታወት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ለመቁረጥ ወይም ለመብሳት ሲሞከር ባንዴ ተፈረካክሶ ይበተናል። ስለዚህ መስታወቱን አትንኩት፣ ቀዳዳውን በመስኮቱ ልክ ሥሩት። የድሮ የእንጨት መስኮት ቀለሙ የሚላጥ ከሆነም ለዶሮ ቤት አይሁን። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይገኛል፣ ዶሮ ደግሞ የምታየውን ሁሉ ትለቅማለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የግድግዳውን ቀዳዳ ከመስኮቱ በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳንሳችሁ ቁረጡ፤ ዙሪያውንም በሞራሌ አጠናክሩት። ከውስጥ በኩል የሽቦ ወንፊት ወጥሩ። መስኮቱን ከውጭ፣ ከላይኛው ጠርዝ ብቻ በሁለት ማጠፊያ ስቀሉት። ከታች ወደ ውጭ ገፋ ሲደረግ እንደ ታዛ ይሆናል፤ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ውኃው በላዩ ወርዶ ይሄዳል፣ አየሩም በሥሩ ይገባል። ሲከፈት የሚደግፈው ዱላ፣ ሲዘጋም የሚይዘው መንጠቆ ይኑረው። ነፋስ አንዴ ካላተመው መስታወቱ አለቀ። ከባድ ስለሆነ ስትሰቅሉት ጓንት አድርጉ፣ የልጅ ልጅም ጠርታችሁ ይያዝላችሁ። ብቻችሁን መሰላል ላይ አትውጡ።

ስለ ሽቦው ትንሽ ልዘግይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የዶሮ ሽቦ እየተባለ የሚሸጠው ባለ ስድስት ማዕዘን ስስ ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ይከለክላታል እንጂ ጠላቷ እንዳይገባ አያግደውም። በአገራችን ሌባው ሽለምጥማጥ ነበር። እዚህ ቀበሮው በሌሊት ይመጣል፣ ኔሚያው ደግሞ በቀን፤ አይጥና እባብም አሉ። ቀዳዳው ከ1.2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ወፍራምና የማይዝግ ሽቦ ግዙ። ዳርዳሩንም በጠባብ ጣውላ አፍናችሁ በብሎን እሰሩት፤ ቀጭን ሚስማር ብቻውን ይነቀላል። ጠባብ ቀዳዳ ድንቢጦችንም ያግዳል፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በዲሴምበር 2021 በሑላ ሸለቆ አጉሪም የሚባሉት ተጓዥ ወፎች በወፍ ጉንፋን በሺዎች ሞተዋል፤ በአካባቢውም ብዙ የእንቁላል ዶሮዎች ተወግደዋል። የዱር ወፍ ከዶሮ ምግብና ውኃ ይራቅ።

አንድ መስኮት ግን አይበቃም። አየር የገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትም ይፈልጋል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕር፣ ከምዕራብ በኩል ስለሚመጣ የሚከፈተውን መስኮት ወደዚያ አድርጉት። በምሥራቁ ግድግዳ ደግሞ ከጣሪያው ሥር፣ ከቆጡ በላይ፣ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆን በወንፊት የተሸፈነ ረዘም ያለ ክፍተት ተዉ። ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በዚያ ይሄዳል። ስለ ስፋቱ አርቢዎች እንደ መነሻ የሚይዙት ለአንድ ዶሮ በአማካይ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ነው። ለአሥር ዶሮ ሁሉም ሲደመር አንድ ካሬ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ እዚህ አገር ከዚያ ቢበልጥ አይጎዳም።

ለበጋው መስታወቱን ከውጭ ኖራ ቀቡት። ገበሬዎች የአትክልት መስታወት ቤቶቻቸውን እንዲህ ያደርጋሉ፤ የክረምቱ ዝናብ ቀስ በቀስ ያጥበዋል። ሻራቡ ደረቅ ሲሆን በተከፈተው መስኮት ላይ እርጥብ ጆንያ ማንጠልጠልም ያቀዘቅዛል። በባሕሩ ዳር ወበቅ ግን ይህ አይጠቅምም፣ እርጥበት መጨመር ብቻ ነው።

ክረምት ሲመጣ «ይበርዳቸዋል» ብሎ ሁሉን መዝጋት ሌላው ችግር ነው። ዝናቡ የሚመጣው ከምዕራብ ስለሆነ የምዕራቡ መስኮት ይዘጋ፣ የምሥራቁ የላይ ክፍተት ግን ክፍት ይሁን። ዶሮ ላባዋ ብርድ ይከላከልላታል፤ የሚጎዳት ቆጥ ላይ ተቀምጣ በቀጥታ የሚመታት ነፋስና ከኩሷ የሚነሣው ሽታ ነው። ንጋት ላይ ገብታችሁ መስታወቱን እዩት፣ ጠብታ ካዘለ አየሩ አልበቃም። ከዚያ ወደ ዶሮዋ ቁመት ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱ። እኛ ቆመን የማይሸተን እዚያ ታች ዓይን ሊያቃጥል ይችላል፤ ካቃጠለ ክፍተቱን በዚያው ቀን አስፉት፣ ጉዝጓዙንም ለውጡ።