ከብት የወጣበት ምድር ቤት

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን ተሳልሞ ወደ ሰሜን፥ ወደ ላሊበላ የሚዘልቅ መንገደኛ የላስታን ክብ የድንጋይ ቤቶች ያያል። ምድር ቤቱ ለከብትና ለዕቃ፥ ደርቡ ለሰው ሆኖ የተሠራ ነው፤ መወጣጫው በውጭ በኩል ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ ስለ እነዚህ ቤቶችም ጽፏል።

ታዲያ ገንዘብ ያገኘ ልጅ የአያቱን ቤት አፍርሶ የቆርቆሮ ቤት የሚሠራው ስለ ምን ይሆን? ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፥ ሌሊት ይበርዳል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊቱ ቀስ እያለ ይለቃል።

ሥራው የሚያስፈራ አይደለም። ለከብቱ ሌላ በረት ይሠራለት፤ ሽንት የጠጣው አፈር ተቆፍሮ ይውጣና ድንጋይ ይነጠፍ፤ መስኮት ይከፈት። ምሰሶው ጥድ ወይም ወይራ ከሆነ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፤ የሚበሰብሰው እርጥበት የሚያገኘው እግሩ ነው። ስለዚህ ደርቡ በባላ ተደግፎ፥ የበሰበሰው ብቻ ተቆርጦ፥ ምሰሶው በድንጋይ ላይ ይቁም። እንዲህ ያለውን እንጨት ጥሎ በባሕር ዛፍ መተካት ኪሳራ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ጢስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳልና መውጫ ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን የሣሩን ክዳንና ማገሩን ከነቀዝ ሲጠብቅ የኖረውም ያው ጢስ ነው። ጢስ የወጣለት ቤት ክዳኑ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ይፈተሽ፤ ለዚህም ሣር መክደን የሚያውቁትን ሽማግሌዎች አስቀድሞ መጠየቅ ነው።