ያውቁ ኖሯል? ከፈተናው በፊት የሚዘጋው በር

የቻይና ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያልፉበት ብሔራዊ ፈተና «ጋኦካኦ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተመዘገቡት 13.42 ሚሊዮን ነበሩ። ከጠቅላላው 750 ነጥብ 150ው የውጭ ቋንቋ ነው። ሩሲያኛ ወይም ጃፓንኛ መምረጥ ይቻላል፤ አብዛኛው ግን እንግሊዝኛን ይፈተናል። በአገር አቀፉ አዲሱ የእንግሊዝኛ ፈተና ማዳመጥ 30፣ ንባብ ደግሞ 50 ነጥብ ይይዛሉ።

ጭንቁ ያለው ማዳመጡ ላይ ነው። 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ 5 አጫጭር ምልልሶች አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ፤ ያመለጠው አመለጠው! ረዘም ያሉት ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። በሌሎች ትምህርቶች ፈተናው ተጀምሮ እስከ 15 ደቂቃ ያረፈደ ይገባል፤ እንግሊዝኛ ላይ ግን በሩ የሚዘጋው ፈተናው ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን ቴፑ እየተሰማ የሚገባ ተማሪ የሌሎቹን ጆሮ ይሰርቃልና ሕጉ ትክክል ነው።

ቤጂንግ ጭንቁን ለማቅለል ማዳመጥና መናገርን ለብቻ አውጥታ በኮምፒውተር ትፈትናለች። ተማሪው ሁለት ዕድል አለው፤ የተሻለው ውጤት ይያዝለታል።

ነጥቡ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ለማወቅ የዠጂያንግን ክፍለ ሀገር ይመልከቱ። በኖቬምበር 2018 የተሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ከብዷል ተብሎ የአንዳንድ ጥያቄዎች ነጥብ በስሌት ተስተካከለ። ወላጆችና ተማሪዎች ተቆጡ፣ ምርመራ ተካሄደ፣ ማስተካከያው ተሰርዞ የመጀመሪያው ውጤት ተመለሰ፤ የክፍለ ሀገሩ የትምህርት ኃላፊም ከሥልጣን ወረዱ።