ሉፐስ፦ ብዙ መልክ ያለው በሽታ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚሆን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ ምልክቶቹ፣ ምክንያቱ፣ ምርመራውና ሕክምናው በምን ሥርዓት እንደ ተከታተሉ ልብ በሉ።

ምንባብ

አንኮበር ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በምሥራቅ በኩል የአፋርን ቆላ ቁልቁል የምታይ የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። በዚህች ደጋ የምትኖር አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ እናስብ። ልጅቱ በኅዳር ወር ቀኑን ሙሉ በአጨዳ ላይ ውላ ስትመለስ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ሽፍታ ወጣባት። እናቷ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው ቀቧት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠዋት ጠዋት የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች ያብጡና ይገትሩ ጀመር፤ ይህም «ብርድ ነው» ተባለ። ፀጉሯ ሲሳሳ ጎረቤቶች «የሰው ዐይን ነው» አሉ። በክፍል ውስጥ ድካም ሲያሸንፋት ስንፍና መሰለ። በመጨረሻም እግሯ ሲያብጥ የመንገድ ርዝመት ምክንያት ሆነ። ለአምስቱ ምልክቶች አምስት ምክንያት ተሰጠ፤ ነገር ግን አምስቱን በአንድነት የተመለከተ አልነበረም። ሉፐስ ከሰው ዐይን ተሰውሮ የሚኖረው በዚህ ዓይነት ነው።

«ሉፐስ» በላቲን ቋንቋ «ተኩላ» ማለት ነው። ስሙ ተኩላ የነከሰው ለሚመስል የፊት ቁስል ከጥንት ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ አንኮበር የመጣው የሻምበል ሐሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ሐኪም ነበረው። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ የነበረ ሐኪም በሽታውን ቢያየው እንኳ የቆዳ በሽታ ብቻ ይመስለው ነበር። ሉፐስ የውስጥ አካላትንም እንደሚጎዳ በግልጽ የጻፈው የቪየናው ሐኪም ሞሪጽ ካፖሲ ነው፤ ይኸውም በ1872 እ.ኤ.አ. ነበር።

ለመሆኑ የበሽታው ባሕርይ ምንድን ነው? ሰውነታችን ተሕዋስያንን የሚዋጋበት የመከላከያ ኃይል አለው። ይህ ኃይል ፀረ እንግዳ አካላት የሚባሉ ፕሮቲኖችን እያመረተ ከውጭ የገባውን ጠላት ያጠቃል። በሉፐስ ጊዜ ግን የመከላከያው ኃይል የገዛ ሰውነቱን እንደ ባዕድ ይቆጥራል። ዘበኛው ቤቱን መጠበቁን ትቶ ባለቤቱን እንደ መደብደብ ያለ ነው። ጥቃቱም በደም አማካይነት ስለሚዛመት ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትን፣ ልብን፣ ሳንባንና አንጎልን ሊነካ ይችላል። ከዚህም የተነሣ የሁለት ሕሙማን ምልክት አንድ ላይሆን ይችላል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከታመመ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ መብላትም ሆነ በአንድ ወንበር መቀመጥ አንዳች ጉዳት የለውም።

ሉፐስ በብዛት የሚይዘው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉትን ሴቶች ነው። ከዐሥሩ አዋቂ ሕሙማን ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ለበሽታው የሚያጋልጥ ተፈጥሮ ከዘር ሊወረስ ይችላል፤ የሚቀሰቅሰውም ብዙ ነገር ነው። ከቀስቃሾቹ አንዱ የፀሐይ ጨረር ነው። የደጋ ሰው አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ፀሐዩ ደካማ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ቆዳን የሚጎዳው የማይታይ ጨረር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የአንኮበር ነፋስ ፊትን ቢያቀዘቅዝም ጨረሩን አይከላከልም።

እዚህ ላይ ስለ ምች አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ፀሐይ ከመታ በኋላ የሚወጣ የፊት ሽፍታ ሁሉ ሉፐስ አይደለም። ነገር ግን ሽፍታው በአፍንጫ ላይ አልፎ በሁለቱ ጉንጮች ሲዘረጋ፣ ፀሐይ ባገኘው ቁጥር ሲመላለስ፣ በተለይም ከመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከአፍ ቁስል፣ ከትኩሳት ወይም ከፀጉር መርገፍ ጋር ሲመጣ ምርመራ ያስፈልገዋል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሽፍታው ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሆኖ ይታያልና።

ሉፐስን ብቻውን የሚያረጋግጥ አንድ ምርመራ የለም። ሐኪሙ እንደ ዳኛ ነው፤ ብዙ ምስክሮችን ሰምቶ ይፈርዳል። መጀመሪያ የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል፣ ሰውነትንም ይመረምራል። ቀጥሎ የቀይና የነጭ የደም ሕዋሳት ብዛት ይታያል። ከዚያም ኤ.ኤን.ኤ. የተባለው የደም ምርመራ ይደረጋል። ይህ ምርመራ በሽታው ባለባቸው ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ምልክቱን ያሳያል፤ ሆኖም በብዙ ጤነኞችም ላይ ስለሚገኝ «ኤ.ኤን.ኤ. ተገኘ፤ ስለዚህ ሉፐስ ነው» ማለት ስሕተት ነው። በዚህ ጊዜ ይበልጥ የተለዩ ሌሎች የደም ምርመራዎች ይጨመራሉ።

ከሁሉም ይልቅ ሊዘነጋ የማይገባው የሽንት ምርመራ ነው። ኩላሊት ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ፕሮቲንና ደም ግን ወደ ሽንት ያፈስሳል። ይህንንም በጤና ጣቢያ በሚገኝ ቀላል ምርመራ ማወቅ ይቻላል። የዚያች ተማሪ እግር ያበጠው ከመንገድ ርዝመት ሳይሆን ከኩላሊቷ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያው በሽንቷ ፕሮቲን ካገኘ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ አስፈላጊም ሲሆን በአዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳሉት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይልካታል። የጉዳቱን ዓይነት ለመለየት ከኩላሊት በመርፌ ጥቂት ናሙና የሚወሰድበት ጊዜም አለ።

በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት ለሁሉም የሚሰጥ ሆኖ አልተገኘም፤ በመድኃኒት ግን ጸጥ ብሎ እንዲኖር ማድረግ ይቻላል። ዋናው መድኃኒት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። ይህ መድኃኒት ወደ ቆላ ወርዶ ወባ የያዘው የአንኮበር ነጋዴ የሚያውቀው የክሎሮኪን ወንድም ነው። በቀን የሚወሰደው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ ለብዙ ዓመታት ስለሚወሰድም ዐይንን በየጊዜው ማስመርመር ያስፈልጋል። በሽታው ሲነሣ ፕሬድኒሶሎን ይሰጣል። ይህ መድኃኒት ፈጥኖ ያበርዳል፤ ብዙ ሲወሰድ ግን አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ለሌላ ሕመምም ያጋልጣል። ሰንብቶ የወሰደው ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ሕይወቱን ለአደጋ ይጥላል፤ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ብቻ ነው። ኩላሊት ሲነካ እንደ ማይኮፌኖሌት ወይም ሳይክሎፎስፋማይድ ያሉ ብርቱ መድኃኒቶች ይታከላሉ። መውለድ የምትሻ ሴትም በሽታው ቢያንስ ለ6 ወር ጸጥ ካለ በኋላ ከሐኪሟ ጋር ተማክራ ብታረግዝ ይሻላታል።

በልጆች ላይ ሉፐስ ብዙ ጊዜ ከአዋቂዎች ይልቅ ይበረታል፤ ኩላሊታቸውንም አዘውትሮ ይነካል። የመድኃኒቱ መጠን በክብደታቸው ይለካል፤ ፕሬድኒሶሎን ዕድገትን ሊያዘገይ ስለሚችልም ቁመታቸው በየጊዜው ይመዘገባል። የፊታቸውን ማበጥ አይተው የሚያፌዙ ጓደኞች ባሉበት መድኃኒቱን ደብቀው የሚተዉ ልጆች ይኖራሉ። ስለዚህ የክፍል ጓደኛ ዝምታና አክብሮት ከሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

በጠቅላላው ሕመምተኛው ባርኔጣ፣ ጥላና ረዥም እጅጌ ሊለይ አይገባውም። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን አያቋርጥ። ሻል ሲለው መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ይወቅ እንጂ በሽታው ጠፍቷል ብሎ አይዘናጋ። በዚያች ተማሪ ቤት የታዩት አምስት ምልክቶች በጊዜ ተሰብስበው በአንድ ሐኪም ፊት ቢቀርቡ ኖሮ ኩላሊቷ ሳይጎዳ ሕክምናው በተጀመረ ነበር። የተበተነውን መሰብሰብ የሕክምናው መጀመሪያ ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. «ኤ.ኤን.ኤ. ተገኘ፤ ስለዚህ ሉፐስ ነው» የሚለው አባባል ለምን ስሕተት ሆነ?
2. ደጋ ፀሐይ ቆዳን አይጎዳም የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ?
3. ሐኪሙ ከዳኛ ጋር የተነጻጸረው በምን ምክንያት ነው?

ለ. «ነገር ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ይኸውም»፣ «ከዚህም የተነሣ» የሚሉትን አያያዥ ቃላትና ሐረጎች ከምንባቡ አውጡ። እያንዳንዱ ተቃርኖን፣ ውጤትን ወይም ማብራሪያን የሚያመለክት መሆኑን ለዩ።

ሐ. በአካባቢያችሁ ሕዝቡ በአንድ ስም የሚጠራውን አንድ ሕመም ምረጡ። ምልክቱን፣ ይመጣበታል የሚባለውን ምክንያትና የጤና ባለሙያ የሚሰጠውን ማብራሪያ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።