ነጭ ሽንኩርትን ለረጅም ጊዜ ማቆየት

ያልተላጠና በደንብ የደረቀ ነጭ ሽንኩርት በቅርጫት ወይም በመረብ ከረጢት ሆኖ ነፋሻማ፣ ደረቅና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ቢቀመጥ ለወራት ይቆያል። በፌስታል ከታፈነ ይሻግታል። ሙሉውን ራስ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም አይመከርም፤ ቅዝቃዜው ቶሎ እንዲበቅል ያደርገዋል። የበቀለው ይበላል፣ ጣዕሙ ግን መረር ይላል።

ዋናው ጥንቃቄ ከተላጠ በኋላ ያለው ነው። በብዙ ቤት ነጭ ሽንኩርት ከዝንጅብል ጋር ይፈጭና ዘይት ተጨምሮበት በጠርሙስ ይቀመጣል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ሽንኩርት ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለውን ባክቴሪያ ከአፈር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል፣ የነጭ ሽንኩርቱም አሲድነት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ባክቴሪያው ሙቀት ካገኘ ተራብቶ ነርቭን ሽባ የሚያደርግ መርዝ ያመነጫል። ምግቡ ግን በጠረንም ሆነ በመልክ ምንም ላይለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ በዘይት የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት ከ30 በላይ የአንድ ምግብ ቤት ተመጋቢዎችን መርዟል። ስለዚህ በዘይት የተቀመጠው ከፍሪጅ ውጪ ፈጽሞ ማደር የለበትም፤ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከ4 ቀን በላይ አይቆይ።

ለረጅም ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው ፍሪዘር ነው። የተፈጨው በበረዶ መሥሪያ ተከፋፍሎ ከጠጠረ በኋላ አየር ወደማያስገባ ከረጢት ይዛወራል። ወጥ ሲሠራ ማቅለጥ ሳያስፈልግ በቀጥታ ድስት ውስጥ ይጨመራል። በስሱ ተከትፎ እስኪሰባበር ድረስ የደረቀውም ለሽሮና ለበርበሬ ይሆናል። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈው አንዳንዴ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህ የቀለም ለውጥ ጉዳት የለውም።